የባልዲው ተራ

ጦይባ፣ ጫማሽን ከደጅ አታውልቂ፣
ይዘሽው ግቢ እንጂ፤ ይህንን ዕወቂ፤
ደጅ ያለ ጫማ ነው የቤት ሰው የሚያስቆጥር፣
ስድስት ጥንድ ካዩ ይወጣል ምሥጢር።

ከቡረይሚ ወዲህ በማን መኪና መጣሽ፣
ስንት ሌሊት አድረሽ በየት ዋዲ ወጣሽ፣
እኔ አልጠይቅሽም፣ አንቺም አትንገሪኝ፤
ያላወቅሁትን ነገር ገርፈው አያወጡብኝ።

ባሕሩ ቅርብ ነው፣ ከዓሣ ገበያው ኋላ፣
በቀን አንወጣም፤ ሲመሽ፣ በግንቡ ጥላ፣
ሁለት ሁለት ሆነን፣ ደግሞ ሳንነጋገር፤
ሱሐር ጆሮ አላት፤ ቃል ይገልጣል አገር።

ልብስ ሰፊው ሙራድ ነው ቤቱን ያከራየን፣
ባሉች ነው፤ መርፌ ነክሶ፣ ምንም ሳይጠይቀን።
ሚስቱ ነጭ ቆብ ሰጥታ ታስጠልፈናለች፣
ጥልፉ ሲያልቅ ቆጥራ ሪያል ትከፍላለች።
ኩማ ነው የቆቡ ስም፤ ሺህ ቀዳዳ አለው፤
ጭንቅ ሲይዝሽ ያዢው፣ አንድ በአንድ ክበቢው፤
ሦስት መቶ ላይ ስትደርሺ፣ እመኚኝ፣ ይነጋል።
ካልነጋም፣ ምን ቸገረሽ፣ ሰባት መቶ ይቀርሻል።

ኤሲው ያንጠባጥባል ሌሊቱን በሙሉ፣
ከሥሩ ባልዲ አለ፤ እንዲህ ነው አመሉ።
ውሃው ለውዱእ ነው፤ ዕቃም ያለቀልቃል፣
ባልዲው ከሞላ ግን ወለሉን ያልፋል፣
ታች ቤት ጣራ ይረጥባል፣ ታች ቤት ሰው ይነቃል፣
የነቃ ሰው ደግሞ ደረጃ ይወጣል።
ልቅሶ ካስፈለገሽ ኤሲው ሲጮህ አልቅሺ፣
ድምፅሽን ይውጠዋል፤ ከዚያ ፊትሽን አብሺ።

የፋይልሽን ቁጥር በቃልሽ አጥኚው፤
ወረቀት ይረጥባል፣ ስልክም ይቀማል ሰው።
ቢሮው ሲደውል ደግሞ፣ በዚያ በአስተርጓሚ፣
አትቸኩዪ፤ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ስሚ።
አንድ ቤት ከነደደ አንድ ነደደ በዪ፣
የጎረቤትሽን ለጎረቤት ተዪ።
ለተብርሃን አዝና ሁለት ብላ ነበር፣
በሁለተኛው ቃሏ አንዱ ጠፋ ከመንደር፤
ያቺን አንዲት ጎጆ እስከ ዛሬ ድረስ
ጸሐፊው ይፈልጋል፤ ፋይሏም አይመለስ።

«እኅቴ» ብሎ መጥቶ ሻይ የጋበዘሽን፣
«ወረቀት በሳምንት አወጣለሁ» ያለሽን፣
ሻይውን ጠጪለት፤ ስምሽን ግን ቀይሪ፤
ሀዋ ነኝ በዪና በሌላ በር ዙሪ።

እኔን ነው?
እኔን እንኳ ተዪኝ።

እሺ። ጠየቅሽ።
ባለፈው ዓመት፣ የዒድ ማግሥት፣
ስልኬን የክሩ ቅርጫት ውስጥ ትቼ
ብቻዬን ባሕሩ ዳር ወረድሁ።
ሌላ አልፈለግሁም፤
አንዲት ማዕበል መጥታ
እግሬን እንድታገኘው ብቻ።
መጣችም። ሞቅ ያለች ነበረች፣
አረፋዋ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ቆሞ ቀረ።
ስመለስ ሁለት ጥሪ፣ ቁጥር የሌለው።
ሰባት ወር ሆነ፤ መልሰው አልደወሉም።
በዚህ ሁሉ አገር እንደዚያች ማዕበል
ውድ ነገር አልገዛሁም።
ግን አልዋሽሽም፤ ደስ ትል ነበር።

በይ፣ ቁጥርሽን በዪልኝ።

አይደለም። ከሰባቱ በፊት ሁለት አለ።
እንደገና።

ጎሽ። አሁን ተኚ፣ በግድግዳው በኩል፣
ጫማሽን ከራስጌ፣ አፉን ወደ በሩ።
ዛሬ የመጣ እንግዳ ባልዲ አያነሣም፤
ከነገ ጀምሮ ግን፣
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣
ተራው ያንቺ ነው።